ያልተወጋው ቅቤ

ከሥራ የወጣሁት በእናቴ ቅቤ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ ግን እንዲህ ብዬ አልመልስም። «ደከመኝ፣ ተውኩት» ነው የምለው። እሱም ውሸት አይደለም፤ ደክሞኛል። ያደከመኝ ግን ቆሞ መዋል አይደለም። እናቴን «አታላይ ናት» ሳልል፣ «አይደለችም» ብዬም ሳልከራከር መኖር ነው ያደከመኝ። ይኼን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ሰው ሁሉ የራሱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ሱቁ ከፒያሳ ወደ ገበያው ቁልቁል ሲወርዱ ነው። ቅቤ፣ ማርና በርበሬ ይሸጥበታል። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ሐጂ» ነው የሚላቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ጎንደር ላይ በንግድ የኖሩ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸውና ከአሮጊት እናታቸው ጋር በእስላሙ ሰፈር፣ አዲስ ዓለም ይኖራሉ። እኔ የወገራ ገበሬ ልጅ ነኝ። ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ገብቼ ሽበት ማውጣት ስጀምር ወጣሁ። በመካከሉ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጄን ድሬያለሁ፣ ስንት ቤት ተከራይቼ ለቅቄያለሁ፤ የማይለወጠው ነገር ጠዋት ጠዋት የዚያን ሱቅ በር መክፈት ብቻ ነበር።

ሥራዬ ቅቤ መቀበል ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከትክል ድንጋይ፣ ከየገጠሩ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በቅል፣ በባልዲ፣ በቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ። እኔ እቀበላለሁ፤ እቀበላለሁ ማለት እጠራጠራለሁ ማለት ነው። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለመጠራጠር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ቅቤ ውስጥ የማይከተው ነገር የለማ! ሙዝ ይለውሳል፣ የሚረጋ ዘይት ይደባልቃል። ላዩ ወርቅ የመሰለ ለጋ ቅቤ ሆኖ ሆዱ ውስጥ የተቀቀለ ድንች የተወሸቀበት ስንቱን አይቻለሁ።

ለዚህ አንዲት ወስፌ ነበረችኝ። እናቴ ሰፌድና ሌማት ስትሰፋባት የኖረች፣ እጀታዋ ቀንድ የሆነች ወስፌ ናት፤ ከተማ ልገባ ስል «ሥራ አትፍቺ፣ ስፌት ስፊባት» ብላ የሰጠችኝ። ስፌቱን ተውኩትና ቅቤ መውጊያ አደረግኋት። ከላይ እስከ ታች ሰድጄ፣ መዝዤ፣ አሽትቼ ጫፏ ላይ የቀረችውን በምላሴ እነካለሁ። ምላስ አይሸወድም። ሴቶቹ ታዲያ ወስፌዋን ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላል።

«ምነው እቴ! ቅቤውን ነው እኔን ነው የምትወጊው?»

«ቅቤውን።»

«ውጊው! ሆዴንም ጨምረሽ ውጊው!»

«ሆድሽ ውስጥ ድንች ከሌለ ምን አስፈራሽ?» እላለሁ እኔም። አፌ አያርፍም። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ረግሞኝ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ይመጣል።

ሐጂ ግን አንድ ነገር አጥብቀው አስተምረውኛል። የማንገዛውን ቅቤ አንወጋም። የተወጋ ቅቤ ቀዳዳው ይታያል፤ ሌላ ሱቅ ይዛው ብትሄድ «እነዚያ ወግተው የመለሱት ነው» ተብሎ አይነሣላትም። ስለዚህ ለመግዛት ካላሰብን አንነካውም፤ በጨዋ ደንብ «ሌላ ጊዜ» ብለን እንሸኛለን። የሴትዮዋ እንጀራ ነዋ። ወስፌው ከገባ ግን ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ልንገዛ ነው ማለት ነው። ይኼንን ደንብ እሳቸው ከአባታቸው ወረሱት፣ እኔ ከእሳቸው ወረስኩት፤ ገበያው ሁሉ ያውቅልን ነበር።

የእናቴን ቅቤ ሳልወጋ የቀረሁት ግን በሌላ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እናቴ የመጀመሪያውን ቅል በሚኒባስ ረዳት ላከችልኝ። እኔ መቼም አዲስ ጉጉት ይዞኝ እንደ ሰው ሁሉ ወስፌዬን አነሣሁ። ሐጂ እጄን ያዙኝ።

«የእናትሽን ቅቤ ልትወጊ? አስተግፊሩላህ! የእናት ቅቤ አይወጋም።»

አፈርኩ። ደስም አለኝ። በዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የእናቴ ቅል በመጣ ቁጥር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተሽትቶ፣ ተመዝኖ ይገባል። ደግሞም ቅቤዋ ቅቤ ነበር። የሐጂ እናት፣ እኔ «እማማ» የምላቸው፣ ሌላ ቅቤ ባፋቸው አይዞርም። «የአምባ ጊዮርጊሷን አምጡልኝ» ነበር የሚሉት፤ እናቴን አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም፣ ግን በቅቤዋ ያውቋታል። እናቴም ይኼን ስለሰማች ትኮራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሴቶቹ ሁሉ «የኔን ቅቤ እኮ ጎንደር የሐጂ እናት ናቸው የሚበሉት» ትላለች አሉ።

እንግዲህ ስለ ምላስ ልንገራችሁ። ምላስም ጾም አለው። በሁዳዴ እኔ ቅቤ በምላሴ ጫፍ አላስነካም፤ ያኔ ሐጂ ይቀምሱልኛል። በረመዳን ደግሞ እሳቸው ቀን ላይ ውኃም አይቀምሱም፤ ያኔ እኔ እቀምስላቸዋለሁ። እንዲህ እየተቀባበልን ስንት ዓመት ኖርን። ያን ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ። እኔ ሁዳዴ ይዤ፣ እሳቸው ረመዳን ይዘው፣ ባንኮኒው ኋላ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ቁጭ።

«ዘንድሮ ሱቃችን አፍ የለውም» አሉ ሐጂ እየሳቁ።

ማታ ካፈጠሩ በኋላ እንዳይቀምሱት ቅቤው የሚመጣው ቀን ነው፤ ባለ ቅቤዋ አውቶቡሷን ልትይዝ ትቸኩላለች፣ ማን እስኪመሽ ይጠብቅሃል? ስለዚህ ተመካከርንና ጾሙ እስኪያልፍ ከምናውቀው ሰው ብቻ እንቀበል አልን። አሸትታለሁ፣ እወጋለሁ፣ የቀረውን በእምነት። ከምናውቀው ሰው ደግሞ ከእናቴ በላይ ማን አለ?

የረመዳኑ ወር አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ ጠዋት ስመጣ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ ሐጂ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ከእኔ ቀድመው መጥተው አያውቁም። ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ባንኮኒው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ።

«ሰላም አደሩ ሐጂ? እማማ ደህና ናቸው?»

«ክፈቺው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ማታ ለእማማ የተሠራ ገንፎ ነው፤ ጥርስ ስለሌላቸው የሚያፈጥሩት በገንፎ ነው። መሐሉ ላይ የፈሰሰው ቅቤ አድሮ ነጭ ሆኖ ግግር ብሏል። ቅቤ ሲያድር እንዲህ አይነጣም፤ እንዲህም አይደርቅም። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ሻማ ተፈረፈረ።

ለማወቅ መቅመስ አላስፈለገኝም። ሞራ ነው። የከብት ሞራ።

«የማን ቅቤ ነው?» አልኩ፤ እያወቅሁት።

«የእናትሽ ነው» አሉ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ብቻ ነበር። እንደ ድንቹ፣ እንደ ሙዙ፣ ተራ ማታለል መሰለኝ፤ «እንዴት እናቴ!» ብዬ ልፈነዳ አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ግን ሐጂ የሚያዩት ሳህኑን አልነበረም፣ እኔን ነበር፤ የሚጠብቁትም ሌላ መልስ ነበር።

«ልጄ፣ ድንች ቢሆን ወላሂ ስቄ አልፈው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በሬው የማን እርድ ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። በርበሬው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

የአገራችን ሰው ይኼንን ማብራራት አያስፈልገውም። አብረን እንኖራለን፣ አብረን እንቀብራለን፣ ሠርግ እንጠራራለን፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። እነሱ የኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የነሱን። ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ወዳጆቹ በሬውን በእስላም አሳርዶ፣ በሌላ ድስት ያሠራል። ቅቤ ግን የሁሉም ነው። ቅቤ የማን ነህ አይባልም። የኔ እናት ቅቤ እማማ ገንፎ ላይ የሚገባው ለዚህ ነበር። እናቴ አገር ደግሞ እስላም የለም፤ በሬ የሚታረደው በአብ ወወልድ ነው።

«የኛ ነው» አልኳቸው።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ እናታቸው ነገሩኝ። እማማ ቀኑን ሙሉ ጾመው አፍጥረው፣ ገንፎውን በልተው፣ ላንቃቸው ላይ የጋገረባቸውን ነገር በምላሳቸው ሲያላውሱ ቆይተው «ይኼ ሞራ ነው» ብለው ተነሡ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ደግመው ተጉመጠመጡ። «ባለማወቅ ነው፣ ምንም የለብዎትም» ቢሏቸው አልሰማም አሉ። የቤቱ ድስት ሁሉ ታጥቦ ደጅ ተደፍቶ አደረ። «ስትተኛ ታለቅስ ነበር» አሉ ሐጂ። እናታቸውን ያለ አንቱታ ሲጠሩ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ልባቸው ሲሰበር ወደ ልጅነታቸው ተመለሱ መሰለኝ።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ እማማ እግር ላይ ወድቄ እለምን ነበር። ግን ከዚያው ቅቤ ለጎረቤቶቻቸው ሸጠናል። ለረመዳን ብለው የአዲስ ዓለም ሴቶች ናቸው የወሰዱት፤ «የእናትሽን ካለ ስጪን» እያሉ፣ እኔም በኩራት እየመዘንኩ።

ሌላ ነጋዴ ቢሆን ዝም ይል ነበር። ማን ያውቅበታል? ሐጂ ግን ሱቁን ዘግተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ያንን ቅቤ የገዙትን በየቤታቸው እየዞሩ ነገሩ። «እንዲህ ያለ ነገር አብልቻችኋለሁ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» እያሉ። እኔ ያንን ቀን ሱቅ ውስጥ በሩ ተዘግቶብኝ ባንኮኒውን ስወለውል ዋልኩ። የጸዳውን መልሼ እወለውላለሁ። ሌላ ምን አባቴ ላድርግ?

ሲመለሱ ደክሟቸው ነበር፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ተቀመጡ። «ልጄ» አሉ፣ «እኔ አንቺን አላባርርም። አንቺ ምን አጠፋሽ? አትወጊው ያልኩሽም እኔ ነኝ። ግን ነገ እዚህ ባንኮኒ ኋላ አንቺን ያየ ሰው ምን ብሎ ቅቤ ይገዛል? አንቺው ንገሪኝ።»

ክፉ ቢናገሩኝ እመልስ ነበር። መልስ እንደማላጣ ያውቁኛል። እንዲህ ሲሉኝ ግን ጋዋኔን አውልቄ አጠፍኩት። ወስፌዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ደሞዜን ሳይቀንሱ ሰጡኝ፤ በር ድረስ ሸኙኝ። መንገዱን ተሻግሬ ዞር ስል አሁንም ቆመዋል። ያን ቀን ባጃጅ አልያዝኩም። ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ሰላም እያልኩ።

የሰሜኑ መንገድ በግጭት ተዘግቶ ሰነበተ። ስልኩም እንደዚሁ። ለነገሩ በስልክ የሚነገር አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩና ወደ መንደራችን በእግሬ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች።

«ምነው ልጄ? ምነው በደህና? የሞተ አለ?»

«የሞተ የለም። ቅቤው ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

ቀና አላለችም። «የቱ ቅቤ?»

«እማዬ!»

ጣቷ ሽምብራው ላይ ቆመ። «ላሟ ነጠፈች» አለች። «ገና በቅበላ ነጠፈችብኝ። ጊደሯም ገና ከብዳ ነው ያለችው፣ አልደረሰችም። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አትነግሪኝም ነበር?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? በስልክ ባገኘሁሽ ቁጥር ‹እማዬ እንዳታቋርጪ፣ እማማ ካንቺ ሌላ አይበሉም፣ ሐጂ ካንቺ ሌላ አያምኑም› እያልሽ! ልጄ በሰው ፊት ትፈር? ያለችዋን ትንሽ ቅቤ ማበርከት ነው እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ? ሙዝ አልጨመርኩ! ዘይት አልጨመርኩ! ከቅርጫው የደረሰኝን ሞራ አቅልጬ፣ አጥልዬ፣ ንጹሕ አድርጌ ነው። ሸጋ በሬ ነበር።»

ሸጋ በሬ ነበር! ልመታት ነበር የፈለግሁት። እናቴን። እጄ ተነሥቶ የነጠላዬን ጫፍ ነው የያዘው።

«እማዬ፣ የበሉት እኮ እስላሞች ናቸው። በጾማቸው።»

ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራተተና ሽምብራው ተበተነ። አፏን በመዳፏ ያዘች።

እሷ ይኼን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አባቴ በሕይወት ሳለ አህያ ጭኖ ከጎንደር የሚመጣ አንድ እስላም ነጋዴ ወዳጅ ነበረው፤ ሲመሽበት እኛ ቤት ያድራል። እናቴ እሱ በመጣ ቁጥር ዶሮዋን ከነነፍሷ፣ ቢላዋውን አጥባ፣ «ይኸው ራስህ ባርከህ እረድ» ብላ ትሰጠው ነበር። የሚበላበት ድስት ለብቻው ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዓመት ቢቀመጥ እኛ እንድንነካው አትፈቅድም። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ «የእንግዳው ድስት» እያለች ታብሰው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

«እኔን አፈር ያርገኝ» አለች። «እኔን አፈር ያርገኝ ልጄ! ስለ ላሟ ስጨነቅ የሚበላውን ሰው ረሳሁት።»

ከዚያ አቀፍኳት አልልም። አላቀፍኳትም። ቁጭ ብዬ የተበተነውን ሽምብራ ለቀምኩላት። ሥራዬን ማጣቴን የነገርኳት ሽምብራው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እንዳረጀች ነው የማስበው።

ፋሲካን ያለ ቅቤ ዋልኩ። አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት መላጥ ያዝኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ዓይኔ እንባ ስላለበት ሰው አይጠይቀኝም፣ ይኼ አንዱ ጥቅሙ ነው። በሱቁ በኩል ሳልፍ ግን በሩቁ አያለሁ። ሐጂ ሌላ ሰው አልቀጠሩም ነበር። ባንኮኒው ኋላ እራሳቸው ናቸው የሚቆሙት፤ ወገባቸውን እየያዙ። አንድ ቀን እንዲያውም የማልወዳት አንዲት ቅቤ ሻጭ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ሐጂ እኮ ወስፌ አያውቁበትም፣ አንቺ ትሻይ ነበር» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ቦታዬ አልተያዘም ማለት ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተስፋ የሚሉት ነገር ሰውን እንደሚያደክመው ሥራም አያደክመውም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እናቴ ደወለች። «ጊደሯ ወለደች» አለች። «የበኩር ቅቤዋን ለሐጂ ይዤ እመጣለሁ።»

«እማዬ፣ አትምጪ።»

«እመጣለሁ። በቁሜ ይቅርታ ሳልጠይቅ ሞቼ ልቀበር?»

መጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትንሽዬ ቅል በአዲስ ጨርቅ አቅፋ ከሚኒባሱ ወረደች። ወደ ሱቁ ስንሄድ «ወስፌዬ አለች?» አለችኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። «ፊቴ ላይ ይውጉት» አለች። «እስከ ታች ይውጉት። ንጹሕነቱን ይዩልኝ።»

እኔም መንገዱን ሁሉ የምለምነው ይኼንኑ ነበር። ሐጂ ቅቤውን ከወጉት ሊገዙት ነው። የእናቴን ቅቤ ከገዙ እኔም ልመለስ ነው። እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ ይጠራጠሯት፣ ወስፌውን ይስደዱበት፣ ይቅመሱት፤ ሌላ ነገር አልፈልግም ነበር። ጾሙ አልፏል፤ ሁለታችንም አፍ አለን።

ሐጂ እናቴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» ብለው የራሳቸውን ወንበር ሰጧት። ሻይ አስመጡላት። እናቴ ወንበሩን ትታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ይኼማ አይሆንም። ይቅር ብያለሁ። ባለማወቅ ነው። እናቴም ይቅር ብለዋል፤ ሰላም በልልኝ ብለውኛል።»

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ክዳኑን ከፈተች። ሸጋ ቅቤ ነበር፤ ሽታው ሱቁን ሞላው። ወስፌዋን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«አያ ሐጂ፣ ይውጉት።»

ሐጂ ወስፌዋን አዩዋት። ስንት ዓመት እጄ ላይ ያዩዋት ናት፤ ያውቋታል። እጃቸውን ዘርግተው የእናቴን እጅ ከነወስፌው መለስ አደረጉት። ክዳኑን እራሳቸው ገጠሙ። ቅሉን በአክብሮት በሁለት እጃቸው አንሥተው ከኋላቸው ካለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። የሚሸጠው ቅቤ ጋ ሳይሆን ጥላቸውንና መነጽራቸውን ከሚያስቀምጡበት።

«የእናት ቅቤ አይወጋም» አሉ።

እኔን አላዩኝም። ሻይዋን እስክትጨርስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጊደሯ ጠየቋት። ስንነሣ «አላህ ያክብርልኝ» ብለው እንደዚያን ቀኑ በር ድረስ ሸኙን።

እናቴ ከሱቁ ርቀን ሳንሄድ እጄን ጨብጣ አቆመችኝ። ፊቷ በርቷል፤ ከዚያ ከሽምብራው ቀን ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም።

«አየሻቸው? አልወጉትም! አሁንም ያምኑኛል! አይ ሸጋ ሰው። አንቺ ደግሞ አትምጪ ትይኛለሽ። ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠሩሻል፣ ምን አለች በዪኝ።»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ይጠሩኛል።»

መናኸሪያ ወስጄ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ ስታወራኝ ቆየች። «ከእንግዲህ እንደ ድሮው በየገበያው እልካለሁ፣ ለሐጂ ንገሪያቸው» አለች። እሺ አልኳት።

ይኸው ቅቤው አሁንም ይመጣል። ረዳቱ ሲደውልልኝ ሽንኩርቱን ትቼ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ፤ ክፍያውን ሐጂ የሰጡ አስመስዬ ከራሴ እልክላታለሁ። በደወለች ቁጥር «እማማ ወደዱት?» ትለኛለች። «ወደዱት» እላታለሁ። የምበላው እኔው ነኝ። ሸጋ ቅቤ ነው።